ዘጠኝ ቀን የቆየው ማስተካከያ

በዚያ ጥቅምት የእኔ ሥራ የሰው ሥራ ማየት ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከምንሠራ አምስት ሰዎች አንዷ ሆኜ ነበር የተቀጠርኩት። የማስረከቢያው ቀን ሲቃረብ ግን አለቃችን ጠራኝና «ከእንግዲህ አንቺ መጻፉን ቀንሺ፤ ሌሎቹ የሚልኩትን እያየሽ የሚገባውን አስገቢ፣ የማይገባውን መልሺ» አለኝ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሹመት መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ማታውኑ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

ቢሯችን አዳማ፣ ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ በረንዳ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ላፕቶፖቻችን እንደ ካውያ ይግላሉ። መስኮት እንክፈት ስንል ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይገባና ጠረጴዛውን ያለብሰዋል። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከቆርቆሮው ጣሪያ ባሻገር፣ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ሲዞሩ ይታያሉ። ዛሬም ያንን ሕንፃ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴ ሳላዘው ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይቀናል።

የምንሠራው መቂ አካባቢ በመስኖ ለሚያለሙ ገበሬዎች ማኅበር ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም ነው የሚያመርቱት። ውሃው በፓምፕ ተስቦ በቦይ ይደርሳቸዋል፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ ግን በተራ ነው የሚያጠጡት። ተራውን የሚይዙት ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሽማግሌ ናቸው፤ «የውሃ አባት» ይሏቸዋል። እኒህ ሰው ለእያንዳንዱ ገበሬ እየደወሉ፣ ስልኩ እንቢ ያለ ጊዜ ደግሞ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጠው እየሄዱ፣ «ነገ በሦስት ሰዓት ውሃ ይለቀቅልሃል» ይሉ ነበር። የእኛ ፕሮግራም ይህን ድካም ሊያቀልላቸው ነው። ተራውን ያወጣል፤ ለእያንዳንዱ ገበሬ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስልኩ ላይ መልእክት ይልካል። ዝናቡ ካባራ በኋላ መስኖ የሚጀመርበት ጊዜ የታወቀ ስለሆነ የምናስረክብበትም ቀን የሚገፋ አልነበረም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። አንድ ሰው ፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት ሲያገኝ፣ ወይም የሚጨምረው ነገር ሲኖረው፣ ለውጡን ለብቻው ጽፎ ይልካል። ፓች እንለዋለን፤ በተቀደደ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ ቁራጭ ጨርቅ መሆኑ ነው። የተላከውን ማስተካከያ ሌላ ሰው አይቶ «ይሁን» ካላለ ወደ ዋናው ፕሮግራም አይገባም። «ይሁን» ባይዋ እንግዲህ እኔ ሆንኩ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አንድ ዶርም የኖርን ጓደኛዬ ነበረች። ጎማ ያለው ወንበር ነበራት። ሥራዋን እንደጨረሰች በእግሯ ገፋ አድርጋ እየተንሸራተተች ትመጣና «እዪልኝ እስቲ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ትለኛለች። አያለሁ። እየሳቅን እዚያው እናቃናዋለን፣ ይገባል። ሁለቱ ወንዶች የሥራ ባልደረቦቻችንም ምሳ ላይ «የእኔን አየሽልኝ?» ካሉኝ ስመለስ የእነሱን እከፍታለሁ።

አምስተኛው ሰው ግን ከእኛ ጋር አልነበሩም። የሚኖሩት ባቱ ነው። ብዙ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው በጤና ምክንያት ከትምህርት ቤት የወጡ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ፕሮግራም መጻፍን ራሳቸው ከስልክና ከአሮጌ መጽሐፍ ነው የተማሩት። ሁላችንም መምህር እንላቸው ነበር። አለቃችን የቀጠራቸው የአፋን ኦሮሞውን መልእክት እንዲጽፉለት ብሎ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ከሁላችን የጠራ ሥራ የሚልኩት እሳቸው ሆነው ተገኙ። የእሳቸው ማስተካከያ ታዲያ ወንበር ላይ ተንሸራቶ አይመጣም፤ ምሳ ላይም አይጠይቅም። በኢንተርኔት ይመጣና ስክሪኔ ላይ ካለው ዝርዝር ይገባል፤ ከዚያ ሌላው ከላይ ከላዩ ይደረብበታል።

እውነቱን ልናገርና፣ ከስንት ቀን በኋላ የእሳቸውን ስከፍት ደግሞ ጠንቃቃ የምሆነው ያኔ ነበር። «ይህ ስም ረዘመ»፣ «እዚህ ጋ አንድ መስመር ዝለሉ» እያልኩ አንድ በአንድ እጽፍላቸዋለሁ። ለጓደኛዬ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌላት አላውቅም። አጠገቤ ስላለች ሥራዋ ስህተት ያለበት አይመስለኝም ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለሙከራ የተመረጡ ሃያ ገበሬዎች ነበሩ። ሙከራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ የውሃ አባት ደወሉልኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። የቤተሰቤን፣ የሥራውን፣ የከተማውን ደኅንነት ሁሉ ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ ነው «እንግዲህ ማሽናችሁ ሰው ሊያጋድልብን ነው» ያሉኝ።

ሁለት ጎረቤታሞች፣ ልጆቻቸው አብረው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሰዎች፣ ሁለቱም «ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተራህ ነው» የሚል መልእክት ደርሷቸዋል። አንደኛው ቦዩን ወደ ማሳው ከፈተ። ሌላው መጥቶ ደፈነው። እንደገና ተከፈተ፣ እንደገና ተደፈነ።

«አካፋ ተነሣ» አሉኝ የውሃ አባት። «እኔ ባልደርስ ኖሮ…» አሉና ተዉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ በስልክ ስነግራቸው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም» አሉ። ያቺ ቃል ከአካፋው ይልቅ ወጋችኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን ስንፈልግ እስከ ስድስት ሰዓት ቆየን። ችግሩን በመጨረሻ አገኘነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ፕሮግራሙ ያለፈውን ተራ ወደ ማግስቱ ያዛውራል፤ ያ ሰዓት አስቀድሞ ለሌላ ሰው መሰጠቱን ግን አይጠይቅም። ጓደኛዬ ሻይ ልታመጣ ወረደች። እኔ ማስተካከያውን ልጽፍ ከመጀመሬ በፊት፣ ሌላ ሰው ጀምሮት እንደሆነ ብዬ ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋሁት።

እታች ተቀምጧል። «መብራት ሲጠፋ የተዛወረ ተራ በሌላ ሰው ሰዓት ላይ እንዳይወድቅ» ይላል ርዕሱ። ላኪው መምህር ናቸው። ከተላከ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ከሥሩ ማብራሪያ አለ፤ በመጨረሻው መስመር ላይ «ውሃ ሰው ያጣላልና ቢቻል ከሙከራው በፊት ቢገባ» ብለዋል።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን ምን እንዳስገባሁ መለስ ብዬ አየሁ። አንዱ የጓደኛዬ ነው፤ ስክሪን ላይ ያለ የአንድ ቁልፍ አረንጓዴ ቀለም ትንሽ ወደ ደማቅ አረንጓዴ እንዲሄድ የተደረገበት። በተላከ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው ያስገባሁት።

የመምህርን ማስተካከያ ከፈትኩ፣ ሞከርኩ፣ አስገባሁ። የሚነካ አንድ ፊደል እንኳ አልነበረውም። አለቃችን መጥቶ «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «መፍትሔው ከተላከ ሰንብቷል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» አልኩት። ትንሽ ተመለከተኝና «ከመምህር ጋር ተነጋገሪ» ብሎኝ ሄደ። ስልኬን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ የሚባል ነገር አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የባቱ ሚኒባስ ያዝኩ። ሞጆን አልፈን፣ ቆቃን ተሻግረን፣ መቂ ስንደርስ አስፋልቱ ዳር የቲማቲም ሣጥን የሚጭን አይሱዙ መንገዱን ዘግቶ ቆየን። ያኔ ነው ደውዬ «መምህር፣ ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነው» ያልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ከአስፋልቱ በጋሪ ነይ፤ ባጃጅ እዚህ ድረስ አይገባም» ብቻ አሉኝ።

በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አካም ጅርታ? ደህና ገባሽ?» አሉኝ። «ፈያ፣ ገለቶማ» አልኩ፤ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ። የሚሠሩት ግቢያቸው ውስጥ፣ ፓፓያ ዛፍ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥለውታል፤ ኢንተርኔቱን ከዚያ ነው የሚያገኙት።

«ጠዋት ጠዋት ይሠራል» አሉኝ። «አራት ሰዓት ካለፈ እስከ ነገ የለም።»

ቆጠርኩት። እኔ አስተያየቴን አንድ በአንድ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ነበር የምልክላቸው። «አንድ መስመር ዝለሉ» ያልኩት ነገር እሳቸው ዘንድ ሙሉ ቀን ወስዷል። በማግስቱ ሌላ እልካለሁ፤ ሌላ ቀን።

ባለቤታቸው ከሐይቁ የመጣ አሣ ጠብሰው አቀረቡልን። እኔ ከመጉረሴ በፊት ጠየቅኳቸው።

«መምህር፣ መቂ የሆነውን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ወንድሜ እዚያው ነው የሚያርሰው።»

«ማስተካከያው ዘጠኝ ቀን እኔ ጋ ተቀምጦ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም? አንድ ጊዜ ቢደውሉ እኮ ወዲያው አየው ነበር።»

አሣውን በጥንቃቄ ከአጥንቱ ለይተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ለዚያ ነው ያልደወልኩት» አሉ። «ብደውል የእኔን ታስቀድሚ ነበር። ከእኔ በፊት የላከው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። እሱም የሚያሳስበው ነገር ይኖረዋል። ወረፋው እስኪደርሰኝ ብዬ ነው።»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። «መምህር፣ ወረፋ አልነበረም» አልኳቸው። «ቀድሞ የጠየቀኝን ነበር የማየው። አጠገቤ ያለውን።»

የተቆጡ አልመሰለኝም። ያመነበትን ነገር ባዶ ሆኖ እንዳገኘው ሰው ነበር የሆኑት፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው ውሃ ይዘው መጡ፣ ፊታችንን አይተው ቶሎ ተመለሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና ከቤት ወረቀት ይዘው ወጡ። «እንግዲህ ወረፋ እናብጅ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ተከራከርን። እኔ ካሁን በኋላ የእርስዎ ሁሌም ይቀድማል አልኩ፤ «ካሳ አልጠየቅኩም» ብለው ሰረዙት። ቀድሞ የተላከ ቀድሞ እንዲታይ፣ ገበሬውን የሚጎዳ ስህተት ግን ማንም ይላከው ማን ከሁሉ እንዲቀድም ተስማማን። አንድ ሰው ብቻ «ይሁን» ባይ መሆኑም ቀረ። አምስታችንም በተራ እንድናይ፣ ተራው የደረሰው ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ እንዲመልስ፣ አስተያየቱንም ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲልክ። «እንቢ ማለት ነውር አይደለም» አሉኝ፤ «ዝም ማለት ነው ነውሩ።» የመጨረሻው ነገር የመዝጊያው ቀን ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካለው ዓርብ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ወዲያ ስህተት ማረም እንጂ አዲስ ነገር ማስገባት የለም፤ የማንም ቢሆን። ያንን እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነኝ ያልኩት። ጥቁር ሰሌዳ በለመደ፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፋቸው ጻፉልኝ።

ወረቀቱን ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ጓደኛዬ አንብባው ሳቀች። «ለአምስት ሰው ወረፋ? ቀበሌ አደረግሽው እኮ!» በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንበሯ ሲንሸራተት እሰማና ሳልዞር ወደ ግድግዳው እጠቁማለሁ። ያኔ ደግሞ ያልጠበቅኩት ወጣ። ከሁለቱ ወንዶች አንዱ፣ ዝምተኛው፣ እሱም የተቀመጠበት ማስተካከያ ነበረው። ምሳ ላይ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ እሺ ብዬው ረስቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ መጠየቅ አፍሮ ትቶት ነበር። ወረፋው ሲደርሰው ፊቱ ሲፈካ አየሁ።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው መልካም የሥራ ቀናት ናቸው። ማንም ማንንም አይለማመጥም። መምህር በጠዋት የሁላችንንም ሥራ አይተው፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ አስተያየታቸውን ይልካሉ። እኛ ሻይ እየጠጣን ጮክ ብለን እናነበዋለን፤ ከስህተቱ አጠገብ ሁሌም አንዲት የምስጋና ቃል አትጠፋም።

ከዚያ የመዝጊያው ዓርብ መጣ።

ጓደኛዬ ሁለት ወር የለፋችበት ሥራ ነበራት። ማንበብ ለማይችሉ ገበሬዎች መልእክቱን በድምፅ የሚያሰማ ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ የቀዳችው በራሷ ድምፅ ነበር። ዓርብ ከሰዓት መብራት ጠፋ። እስኪመጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ጨርሳ ላከችው። በወረፋው መሠረት የማየቱ ተራ የመምህር ነበር። አይተው ደወሉልኝ።

«በጣም ጥሩ ሥራ ነው» አሉኝ። «እናቴን አስታወሰችኝ። ነፍሷን ይማርና ፊደል አታውቅም ነበር።»

«ታዲያ ይግባ ይላሉ?»

«አልልም። አንድም ገበሬ አልሰማውም። ሳይሞከር ገብቶ ሰው ሲያሳስት አይተናል። ግን የመዝጊያውን ቀን ያወጣሽው አንቺ ነሽና ውሳኔው ያንቺ ነው። ደግሞ በጽሑፍ እንዳትነግሪያት፤ ፊት ለፊት ንገሪያት።»

በረንዳው ላይ ነገርኳት።

«በአንድ ሌሊት?» አለች። «መብራት እኮ ነው የጠፋው! እኔ ነኝ ያጠፋሁት?»

«የሁላችንም ነው የጠፋው። ለሁላችንም ተዘግቷል።»

«እኔና አንቺ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ለፈተና ያጠናን ሰዎች ነን።»

«ለዚያ ነው የከበደኝ» አልኳት። «ዝምተኛው ልጅ ቢልከው እንቢ እለው ነበር። ለአንቺ እሺ ካልኩ እሱን ምን ብዬ አየዋለሁ?»

ትታኝ ገባች። ሰኞ ስገባ ወንበሯን ወደ ሌላው ክፍል ወስዳዋለች። አለቃችንም ነገሩን ሰምቶ «ለገበሬዎቹ የሚጠቅም ነገር አይደለም እንዴ? እናስገባው» ብሎ ነበር። ወረቀቱን አሳየሁት፤ የአካፋውን ነገር አነሣሁበት። «እሺ፣ በሚቀጥለው ዙር» አለ።

በቀኑ አስረከብን። መቂ ሄጄ ሳስረክብ የውሃ አባት ሁለቱን የተጣሉ ሰዎች ጠርተው አስተዋወቁኝ፤ ታርቀዋል፣ ያፍራሉ። ልመለስ ስል አንዲት አሮጊት ስልካቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንብቢልኝ» አሉኝ። መልእክቱ የእኛ ነበር። ሐሙስ በአራት ሰዓት ተራዎ ነው አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ከዚያ እስከ አዳማ ድረስ መንገዱ አላልቅ አለኝ።

በማግስቱ ወደ ሌላው ክፍል ሄጄ ለጓደኛዬ የሆነውን ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆየችና «ሴትዮዋ ቤታቸው የት ነው?» ብቻ አለች። በዚያው ሳምንት ብቻዋን መቂ ወረደች። ድምፁን ለአሮጊቷ አሰማቻቸው። ሁለት ጊዜ ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፣ ትሮጫለሽ፤ ቀኑን ስትይ ሰዓቱ ያመልጠኛል» አሏት። ተመልሳ መጥታ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም እንደዚያው። ሁሉንም እንደ አዲስ፣ ቀስ ብላ፣ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ እየደገመች ቀዳችው። ጥር ላይ ገባ። ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ወረፋው እንደዚያ ወደቀ። አምስት አስተያየት ጽፌላታለሁ፤ አምስቱንም አስተካከለች።

ከዓመት በኋላ ሥራው አለቀና ተበተንን። አለቃችን አዲስ አበባ ገባ። ጓደኛዬ ትዳር ይዛ ሐዋሳ ነች፤ በስልክ ሳንገናኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ዝምተኛው ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ኮምፒውተሮችን ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁን እሱ ነው ብዙ የሚያወራው። እኔ ትልቅ ቢሮ ገብቻለሁ። ማን የማንን ሥራ እንደሚያይ ማሽኑ ራሱ ይደለድላል። ማንም ማንንም አይበድልም። ያየሁለትን ሰው ግን አንዳንዴ በመልክ አላውቀውም።

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ ባቱ ላይ ወረድኩና ደወልኩ። መምህር ለሕክምና አዳማ ሄደው ተላልፈናል። ባለቤታቸው ግን «አሣ ሳትበዪማ አታልፊም» ብለው በግድ አስገቡኝ። ብዙ አወራን። በመሃል «ያኔ ዛፉ ሥር የምትጨቃጨቁት ምን ነበር?» አሉኝ። ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ስለ ወረፋው፣ ስለ መዝጊያው ቀን። ብዙም የገባቸው አልመሰለኝም።

«እኔ የማውቀው» አሉ ሰሐኑን እያነሡ፣ «ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ ወዲያ ቤት ውስጥ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንቺ መጥተሽ ከሄድሽ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እየዘፈነ ነበር የሚነሣው።»

«መምህር ይዘፍናሉ?»

«እንዴታ! ያውም ድምፁ አያምርም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ጋሪው እስኪመጣ በር ላይ ቆመን፣ የትኛውን ዘፈን እንደሆነ ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አላስታወሱትም። ሲመለሱ እንደሚጠይቁልኝ ነግረውኝ ተሰነባበትን።